የትኛውን የፊልም ፖስተር ልግዛ? ከአሜሪካው ኦሪጅናል እስከ ጋናው ሸራ

አንድን የፊልም ፖስተር ከመግዛቴ በፊት መጀመሪያ የምጠይቀው ለማን እንደተሠራ ነው። ሲኒማ ቤት በር ላይ ተለጥፎ አላፊ አግዳሚውን እንዲጠራ የተሠራ ወረቀት አለ። ሰብሳቢ እንዲገዛው ታስቦ፣ ተቆጥሮ የታተመ ወረቀትም አለ። ሁለቱም ውብ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም ብርቅ ሊሆኑ ይችላሉ። አንደኛው ግን ብርቅ የሆነው አብዛኞቹ ወንድሞቹ ተቀድደውና ተጥለው እሱ በአጋጣሚ ስለተረፈ ሲሆን፣ ሌላኛው ብርቅ የሆነው አሳታሚው ከዚህ ቁጥር በላይ አላትምም ስላለ ነው። የዋጋው አወጣጥና አወራረድ፣ የሐሰት ቅጂ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቤት ውስጥ የሚፈልገው እንክብካቤ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል።

እዚህ አምስት አማራጮችን አነጻጽራለሁ፦ የአሜሪካ ሲኒማ ቤት ኦሪጅናል፣ የፖላንድ ፖስተር፣ የኩባ ሲልክ ስክሪን (ቀለም በጨርቅ ወንፊት አልፎ የሚታተምበት ፖስተር)፣ ጋና ውስጥ በእጅ የተሣለ ሸራ እና የዘመናችን ሠዓሊዎች በውስን ቁጥር የሚያሳትሙት አማራጭ ፖስተር። መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ መጠነኛ ገንዘብ ያለውና ዓይኑን ማሠልጠን የሚፈልግ ሰው ከፖላንድ ይጀምር። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአሜሪካው ኦሪጅናል

ሰብሳቢዎች ዋን ሺት የሚሉት መደበኛው የአሜሪካ ፖስተር እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ 27 በ41 ኢንች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ 27 በ40 ሆነ። ይህች የአንድ ኢንች ልዩነት ብዙ ገንዘብ ታድናለች። የ1960ዎቹ ኦሪጅናል ተብሎ የቀረበላችሁ ወረቀት ሲለካ 27 በ40 ወይም 24 በ36 ከሆነ፣ ሻጩ አጥጋቢ ምክንያት እስኪያቀርብ ድረስ ኪሳችሁን አትክፈቱ።

ከ1940 ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ድረስ አብዛኛውን የአሜሪካ ፖስተር ያከፋፍል የነበረው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የተባለ ድርጅት ነው። ፖስተሩ ለሲኒማ ቤቱ የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል የድርጅቱ ንብረት እንደሆነና ከአገልግሎት በኋላ መመለስ እንዳለበት ተጽፎ ይገኛል። ተመልሶም ወደ ሌላ ከተማ ሲኒማ ቤት ይላካል፤ እስኪቀደድ ድረስ ይሠራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አሮጌ ወረቀት ለጦርነቱ ሥራ ይሰበሰብ ነበር። ለዚህ ነው የ1930ዎቹ ፖስተሮች አንዳንዶቹ በጣት በሚቆጠር ቅጂ ብቻ የቀሩት። በ1931 የወጣው የድራኩላ ፊልም አንድ ፖስተር በ2017 በ525,800 ዶላር ተሸጧል፤ የጀርመኑ ሜትሮፖሊስ ፖስተር ደግሞ በ2005 በ690,000 ዶላር። እንዲህ ያለው ዋጋ የጀማሪን ልብ ስለሚያሳስት መለኪያ አድርጋችሁ አትመልከቱት።

የናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ፖስተሮች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ በታችኛው ቀኝ ጥግ ቁጥር ይጻፍባቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓመቱን፣ ከዘንጉ (/) በኋላ ያለው ደግሞ ፊልሙ በዚያ ዓመት የተሰጠውን መለያ ያሳያል። የስታር ዋርስ የመጀመሪያው ፊልም 77/21 ነው። ከቁጥሩ በፊት አር የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ካለ ፊልሙ እንደገና ለዕይታ ሲበቃ የታተመ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ፊደል ሲያይ ይሸሻል፤ እኔ ግን የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ፖስተሩ ያው ሲኒማ ቤት በር ላይ የሠራ እውነተኛ ፖስተር ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ኅትመት በእጅጉ ያንሳል።

የእጥፋት መስመርም አያስደንግጣችሁ። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ፖስተሮቹ ታጥፈው ነበር የሚላኩት፤ የ1950ዎቹ ፖስተር ላይ እጥፋት ማየት ተፈጥሯዊ ነው። ማስጠንቀቂያ የሚሆነው ከዚያ ዘመን የመጣ ተብሎ ምንም እጥፋት የሌለበት አዲስ የሚመስል ወረቀት ነው። ከ1990 አካባቢ ወዲህ ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ከኋላ መብራት እንዲበራባቸው በሁለቱም ፊት የታተሙ ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ያው ሥዕል ተገልብጦና ፈዝዞ ይታያል።

ማጉያ መነጽር ግዙ። በኦፍሴት (በተለመደው የማተሚያ ቤት ማሽን) የታተመ ኦሪጅናል ሥዕሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሠራ ነውና ነጠብጣብ ማየት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። መመልከት ያለባችሁ ግርጌ ላይ ያሉትን የተዋናዮችና የባለሙያዎች ስም ነው። ኦሪጅናሉ ላይ ፊደሎቹ ጠርዛቸው ጥርት ያለ፣ ሙሉ ቀለም ናቸው፤ ከኦሪጅናሉ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የተባዛው ላይ ግን ፊደሎቹ ራሳቸው በነጠብጣብ ይበታተናሉ። ሌላው መሣሪያ የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። ወረቀትን የሚያነጡት ኬሚካሎች የተስፋፉት ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ፣ የ1930ዎቹ የተባለ ወረቀት በዚህ መብራት ሥር ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ካበራ ታሪኩ እውነት አይደለም።

ስለ ሸራ ድጋፍም አንድ ነገር ልበል። ያረጀን ፖስተር በስንዴ ሙጫ ስስ ወረቀትና ሸራ ላይ መለጠፍ የታወቀና ተቀባይነት ያለው የጥገና ዘዴ ነው፤ በውኃ ተመልሶ ሊላቀቅ ይችላል። ችግሩ ሸራው የወረቀቱን ጀርባ መሸፈኑ ነው። በ2000ዎቹ መጨረሻ ይፋ የወጣው የ1930ዎቹ አስፈሪ ፊልሞች የሐሰት ፖስተር ጉዳይ ልምድ ያላቸውን ሰብሳቢዎች ሳይቀር ያታለለ ሲሆን፣ ነገሩ እስከ አሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሷል። ሸራ ላይ የተለጠፈ ውድ ፖስተር ስትገዙ ከጥገናው በፊት የተነሣውን ፎቶግራፍ ጠይቁ። ጠንቃቃ ጥገና ቤት ፎቶግራፍ ሳያነሣ ሥራ አይጀምርም።

ይህ አማራጭ የሚስማማው አንድን ፊልም አብዝቶ ለሚወድና ነገ መሸጥ ቢፈልግ ገዢ እንዲያገኝ ለሚሻ ሰው ነው፤ ከአምስቱ ሁሉ ሰፊው ገበያ ያለው እዚህ ነው። ለእኛ አንባቢዎች ጥሩ መነሻ የሚመስለኝ በ1973 የወጣው ሻፍት ኢን አፍሪካ ነው። ከፊሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን፣ ዋጋው ከዝነኞቹ አስፈሪ ፊልሞች ጋር አይወዳደርም።

ፖላንድ

ከጦርነቱ በኋላ የፖላንድ የፊልም ሥርጭት በመንግሥት እጅ ገባ። ፊልም ፖልስኪ የተባለው የመንግሥት ድርጅት ሠዓሊዎቹን ሄንሪክ ቶማሼቭስኪንና ኤሪክ ሊፒንስኪን ፖስተር እንዲሠሩለት ሲጠይቃቸው፣ በራሳቸው መንገድ እንዲሠሩ ከተፈቀደላቸው ብቻ እንደሚሠሩ ነገሩት፤ ተፈቀደላቸው። ከዚህ ውሳኔ የተገኘው ሀብት እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የተዋናዩን ፊት ማሳየት ግዴታ አልነበረም። የማን ስም በስንት ሴንቲሜትር ፊደል ይጻፍ የሚል የኮከብ ውል አልነበረም። ሲኒማ ቤቱም አከፋፋዩም የመንግሥት ስለሆኑ ትኬት አምጣ ብሎ ሠዓሊውን የሚያስጨንቅ ነጋዴ አልነበረም። ሳንሱር ግን ነበር፤ ስለዚህ ሠዓሊው ነገሩን በሥዕል ሸፍኖ መናገርን ለመደ። በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህን የአሣሣል ዘዴ ያለ አስተማሪ ይገባዋል።

በቪክቶር ጉርካ የተሠራውን የ1973ቱን የካባሬት ፖስተር ተመልከቱ። የዳንሰኛ እግሮች ተጠማዝዘው ስዋስቲካ ይሠራሉ፤ መሐል ላይ ፊት አለ። ፊልሙ በሁለት ሰዓት የሚያሳየው የበርሊን የምሽት ቤት ደስታና ከሥሩ የሚያድገው ናዚዝም በአንድ እይታ ተነገረ። ያን ሌኒትሳ፣ ዋልደማር ሽቪየዢ፣ ሮማን ቼሽሌቪች፣ ፍራንቺሼክ ስታሮቪየይስኪ፣ በኋላም አንጄይ ፖንጎቭስኪ፣ እያንዳንዳቸው ከሩቅ የሚለይ እጅ አላቸው። ቶማሼቭስኪ ገና በ1948 በቪየና ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አምስት ሽልማቶችን ጠራርጎ ወስዷል። ዋርሶ በ1966 ዓለም አቀፍ የፖስተር ቢየናሌ (በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ ኤግዚቢሽን) ጀመረች፤ በ1968 ደግሞ ቪላኑፍ በተባለው ሰፈሯ የፖስተር ሙዚየም ከፈተች።

ለጀማሪ ይህን የምመርጥበት ምክንያት ይህ ነው፤ ፖስተሩ በእውነት ለመንገድ የተሠራ ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ ከፊልሙ ተለይቶ በራሱ መቆም ይችላል፣ ዋጋውም ገና ተራ ሰው የሚችለው ነው። ከ50 እስከ 300 ዶላር ባለው ክልል ውስጥ ታላላቅ ሠዓሊዎች የሠሩት ብዙ ሥራ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ለዝነኛ የሆሊውድ ፊልም የተሠራ የፖላንድ ፖስተር ሁለት ዓይነት ገዢ ይሻማበታል፤ የፊልሙ ወዳጅና የፖስተር ወዳጅ። ያው ሠዓሊ ለሃንጋሪ ወይም ለቼኮዝሎቫኪያ ፊልም የሠራው ግን ስለ ፊልሙ የሚያውቅ ጥቂት ስለሆነ በርካሽ ይሸጣል፤ ሥዕሉ ደግሞ አንዳንዴ የተሻለ ነው፣ ማንም ስላልጠበቀበት። ስለዚህ የፊልሙን ስም ተዉትና የሠዓሊውን እጅ ግዙ።

ጉድለትም አለው። ወረቀቱ ስስና ርካሽ ነበር፤ ጠርዙ ይቀደዳል፣ ይቢጫል። ዝነኞቹ ሥራዎች ደግሞ ዛሬ እንደገና ይታተማሉ፤ በራሱ ምንም ነውር የለውም፣ ነውሩ አዲሱን ኅትመት በድሮው ዋጋ መሸጥ ነው። መጠኑን ለኩ። የድሮዎቹ ብዙውን ጊዜ 58 በ84 ሴንቲሜትር አካባቢ፣ የኋለኞቹ 67 በ98 አካባቢ ናቸው። ግርጌያቸው ላይ የአሳታሚውና የማተሚያ ቤቱ ደቃቅ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ይህ ጽሑፍ የጠፋበትና ወፍራም፣ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ያለ ከሆነ ቆም በሉ።

ኩባ

ስለ ኩባ አጠር አድርጌ ላውራ። የኩባ የፊልም ተቋም የተመሠረተው በ1959 ከአብዮቱ ጥቂት ወራት በኋላ ሲሆን፣ ፖስተሮቹን በሲልክ ስክሪን፣ በእጅ፣ ቀለም በቀለም ያትም ነበር። መደበኛ መጠናቸው 51 በ76 ሴንቲሜትር ነው። ኤድዋርዶ ሙኞዝ ባችስ፣ ሬኔ አስኩይና አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ሬቦይሮ ከትልልቆቹ ሠዓሊዎች መካከል ናቸው። ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ወፍሮ ይቀመጣል፤ በጣት ሳይሆን በዓይን ብቻ እንኳ ይታወቃል፣ ወረቀቱን ወደ መብራት ዘንበል ሲያደርጉት።

ለሰብሳቢ አስቸጋሪ የሚሆነው አዲሱ ኅትመትም በዚያው በሲልክ ስክሪን መሠራቱ ነው። ማጉያ መነጽር እዚህ ብዙ አይረዳም። የወረቀቱን ዕድሜና የቀደመውን ባለቤት ታሪክ ማወቅ ግድ ይላል። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ኩባ ሄደው ተምረዋል፤ ከእነዚያ መካከል የሆናችሁ ሣጥናችሁን አንድ ጊዜ ፈትሹ። ከሃቫና ተጠቅልሎ የመጣ ወረቀት ካላችሁ፣ ራሳችሁ የምትመሰክሩለት ታሪክ ያለው ነውና ከየትኛውም ሻጭ ማረጋገጫ ይበልጣል።

ጋና

በቪዲዮ ቤት ዘመን አዲስ አበባ ወይም ክፍለ ሀገር ያደገ ሰው የጋናን ፖስተር ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጋና ተንቀሳቃሽ የቪዲዮ ክበቦች ቴሌቪዥን፣ የካሴት ማጫወቻና ጄኔሬተር ጭነው ከመንደር መንደር ይዞሩ ነበር። ተመልካች መጥራት ነበረባቸው፤ የታተመ ፖስተር ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ የአክራና የኩማሲ የማስታወቂያ ሠዓሊዎች የዱቄት ጆንያ ፈትተው፣ ሁለቱን በአንድ ሰፍተው፣ በዘይት ቀለም ሣሉበት። ብዙ ጊዜ ሠዓሊው ፊልሙን አላየውም፤ የካሴቱን ሽፋን አይቶ የቀረውን በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። በዚህ ምክንያት ፊልሙ ውስጥ የሌለ እባብ፣ የሌለ ደም፣ የሌለ ጭራቅ ሸራው ላይ ታገኛላችሁ። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ መሳቂያ ያየዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዘመኑና ቦታው የሚፈልገውን አውቀው፣ በትንሽ ገንዘብ፣ በፍጥነት፣ ከሃያ ሜትር ርቀት የሚታይ ሥዕል የሠሩ ባለሙያዎች ናቸው።

ሸራው ተጠቅልሎ፣ ተዘርግቶ፣ በዝናብና በአቧራ መሐል ከክበቡ ጋር ስለሚጓዝ ቶሎ ያረጅ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ቪዲዮ በየቤቱ ሲገባና ርካሽ የታተመ ፖስተር ሲመጣ ሥራው ቀዘቀዘ። በዚያው ጊዜ የውጭ ሰብሳቢዎች አገኙት። ዛሬ የተወሰኑት ሠዓሊዎች የሚሥሉት በቀጥታ ለሰብሳቢ ነው፤ ትእዛዝ ተቀብለው የፈለጋችሁትን ፊልም ይሠሩላችኋል።

እንግዲህ ምርጫው እዚህ ሁለት ይሆናል። መንገድ ላይ የሠራ የ1980ዎቹ ወይም የ1990ዎቹ ሸራ ከፈለጋችሁ፣ የመጠቅለያ መሰንጠቅ፣ የማሰሪያ ቀዳዳ፣ የጆንያው ማኅተም በጀርባው፣ የቪዲዮ ክበቡ ስም ፊት ለፊት ፈልጉ፤ ዋጋው ከብዙ መቶ ወደ ሺዎች ዶላር ይሄዳል። አዲስ ሥዕል አቆሽሾ እንደ ድሮ የሚሸጥም አለና ቆሻሻው በስፌቱ ውስጥ የገባ መሆኑን፣ ቀለሙ የተሰነጠቀው ሸራው በሚታጠፍበት መስመር መሆኑን ተመልከቱ። አዲስ ትእዛዝ ከመረጣችሁ ግን ገንዘቡ በሕይወት ላለ ሠዓሊ እጅ ይደርሳል፤ ስሙን፣ ዓመቱንና ከተማውን ጀርባው ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። ከአምስቱ አማራጮች አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር የምታገኙት እዚህ ነው። ለአፍሪካዊ ሰብሳቢ ግድግዳ የጋናው ሸራ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይገባል የምለውም ለዚህ ይመስለኛል።

በውስን ቁጥር የሚታተመው አማራጭ ፖስተር

በ2000ዎቹ አጋማሽ ኦስቲን፣ ቴክሳስ ውስጥ ከአላሞ ድራፍትሃውስ ሲኒማ ቤት ጋር የተያያዘው ሞንዶ የተባለ አሳታሚ የድሮና አዲስ ፊልሞችን በዘመናችን ሠዓሊዎች እጅ እንደገና ማሣል ጀመረ። ኦሊ ሞስ፣ ታይለር ስታውት፣ ማርቲን አንሲን፣ ሎራን ዱሪዩ በዚህ መንገድ ታወቁ። መደበኛው መጠን 24 በ36 ኢንች ነው፤ ኅትመቱ ስክሪን ፕሪንት (ያው ሲልክ ስክሪን)፣ እያንዳንዱ ቅጂ በእርሳስ ቁጥር የተጻፈበት። ያው ሥዕል በሌላ ቀለም፣ በትንሽ ቁጥርም ይወጣል። ሽያጩ በኢንተርኔት ሲከፈት በደቂቃዎች ያልቅና በማግስቱ በብዙ እጥፍ ይቸረቸራል። ሞንዶን በ2022 ፈንኮ የተባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ ገዛው፤ በ2023 ብዙ ሠራተኞች ተሰናበቱ። ዘርፉ ግን አልሞተም፤ ሌሎች አሳታሚዎችና ራሳቸው ሠዓሊዎቹ ቀጥለውበታል።

የኅትመቱ ጥራት ከሁሉም የላቀ ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ጉዳት የሌለበት። ፎርጅድ የመሆን ሥጋቱም ዝቅ ያለ ነው። ሥጋቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ብርቅነቱን የፈጠረው አሳታሚው ስለሆነ፣ ፍላጎት ሲበርድ ዋጋውን የሚደግፍ ነገር የለም። ሁሉም ቅጂ በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዛሬ የታተሙት ሁሉ ማለት ይቻላል ይኖራሉ። ስለዚህ ሥዕሉን ወዳችሁት ከሆነ በመጀመሪያው ዋጋ ግዙ፤ በማግስቱ በአምስት እጥፍ የሚሸጠውን ተዉት። ከመክፈላችሁ በፊትም ስክሪን ፕሪንት ነው ወይስ ከፍተኛ ጥራት ባለው የኮምፒውተር ማተሚያ የወጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለተኛው ለመሥራት ቀላል ነው፣ ዋጋውም ያንን ማሳየት አለበት። ከፊልሙ ባለመብት ፈቃድ ያላቸውና የሌላቸው መኖራቸውንም እወቁ፤ ነገ መሸጥ ካሰባችሁ ፈቃድ ያለውን ምረጡ።

ግድግዳችሁን ለማስዋብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ተራ ቅጂ በጥቂት ዶላር ግዙ። ሐቀኛ ቅጂ ነኝ ብሎ የሚሸጥ ወረቀት ማንንም አይጎዳም።

ከገዛችሁ በኋላ

ወረቀት የሚገድለው ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐዩ ይከብዳል፤ መስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለ ፖስተር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀዩንና ቢጫውን ይነጠቃል። አልትራቫዮሌት የሚከለክል መስታወት ወይም አክሪሊክ አስገጥሙ፤ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን ክፍተት ይኑረው፤ ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባ። በክረምት ከውጭ ጋር በሚዋሰን ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ እርጥበት ያስነፋዋል። ፕላስቲክ ማስለበጥ፣ በሙቀት ሰሌዳ ላይ ማጣበቅ፣ ስኮች መለጠፍ፣ እነዚህ ሦስቱ የማይመለሱ ጥፋቶች ናቸው። ፍሬም ሠሪው ለእናንተ አስቦ ይህ ይሻላል ቢላችሁ እንኳ እምቢ በሉ። የጋናው ሸራ ፍሬም አይፈልግም፤ ከላይ በሰፊ እንጨት ይዛችሁ ስቀሉት፣ በምስማር አትቸንክሩት።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ፣ ታጥፎ የኖረ ፖስተር በነበረበት እጥፋት፣ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል ይላክ፤ ታጥፎ የማያውቅ ደግሞ ሰፊ በሆነ ወፍራም ቱቦ፣ ጠባብ ቱቦ ወረቀቱን ይሰብረዋልና። ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመድ ይዞላችሁ የሚመጣ ከሆነም ቱቦው በእጅ ሻንጣ እንጂ ከታች በሚጫን ሻንጣ አይግባ። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ አምስት ፎቶግራፍ ይላክላችሁ፦ ሙሉውን ፊት፣ ሙሉውን ጀርባ፣ የግርጌውን ደቃቅ ጽሑፍ በቅርበት፣ ጉዳት ያለበትን ቦታ፣ እና ከሜትር ጋር የተነሣ ጠርዝ። ደረጃውን ከአንድ እስከ አሥር በሚሰጠው የሰብሳቢዎች መለኪያ ከነገራችሁ፣ ያንን ቁጥር ያሰጠው የትኛው ጉዳት እንደሆነ በጽሑፍ አስፍሮ ይላክ። የጀርባውን ፎቶግራፍ ለመላክ የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው እለፉ።